ስለ ዓሊ ቢራ ሕይወትና ዜማ



ሰው በወጣትነቱ የሰማውን ዜማ ሸምግሎም አይረሳውም ይባላል። ይህ አባባል እውነት መሆኑን እኔ የተረዳሁት በ2015 ዓ.ም. በጥቅምት ወር መጨረሻ፣ አያቴ ቡና ስትቆላ ከአጠገቧ ተቀምጬ ሳለሁ ነው። ራዲዮው ዜና ያሰማ ነበር። ዜና አንባቢው አንድ ስም በጠራ ጊዜ አያቴ እጇ ቀጥ አለ፤ ቡናው እየጨሰ እስኪያር ድረስም አላማሰለችውም። እኔም ደንግጬ «ማን ሞተ?» ብዬ ብጠይቃት «ዓሊ ቢራ» አለችኝ። «እርሱ ደግሞ ማን ነው?» አልኳት። አያቴ ቀና ብላ አየችኝና «ኢልማ ኮ፣ ይኸንን ሳታውቅ ነው አሥራ አምስት ዓመት የሞላህ?» ብላ ምጣዱን ከእሳቱ ላይ አወረደችው።

«ኢልማ ኮ» ማለት «ልጄ» ማለት ነው። ያን ዕለት መልስ አጥቼ ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ግን ስለዚህ ሰው ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ፣ ትልልቆችንም ስጠይቅ ቆየሁ። በዚህ ዓመት ትምህርቴን ስለምጨርስ፣ ለአያቴ ያልመለስኩትን መልስ በትምህርት ቤታችን መጽሔት ላይ ለመጻፍ አሰብኩ። እንግዲህ አንባብያን በትዕግሥት እንድትከተሉኝ እለምናለሁ።

ዓሊ ቢራ የተወለደው በ1940 ዓ.ም. አካባቢ በድሬዳዋ ከተማ ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ዓሊ መሐመድ ሙሳ ነበር። ገና ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ስለ ተለያዩ ያደገው በአባቱ እጅ ነው። በልጅነቱ በመድረሳ ገብቶ የዓረብኛ ትምህርት ተማረ።

የአንድን ሰው ሥራ ለመረዳት አስቀድሞ የተወለደበትን ቦታ ማወቅ ይጠቅማል። ድሬዳዋ ያረጀች ከተማ አይደለችም። የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በፈረንጅ አቆጣጠር በ1902 እዚያ በደረሰ ጊዜ ነው። ባቡሩ ዕቃ ብቻ ሳይሆን ሰውና ቋንቋም ይዞ መጣ። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ዓረቡ፣ ሕንዱ፣ ግሪኩ በአንድ ገበያ ተገናኘ። በየሻይ ቤቱም የዓረብ፣ የሱዳንና የሕንድ ዘፈን ይሰማ ነበር። ስለዚህ በዚያች ከተማ ያደገ ልጅ ሦስትና አራት ቋንቋ መቻሉ የሚያስደንቅ አልነበረም።

እኛ የባቲ ልጆች ይኸንን ለመረዳት አይከብደንም። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ደጋው አልቆ ቆላው በሚጀምርበት ስፍራ የተቀመጠች የገበያ ከተማ ናት። ሰኞ ሰኞ አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን ነድቶ፣ ኦሮሞው ከዙሪያው ገጠር፣ አማራው ከደጋው እህሉን ጭኖ ሲወርድ፣ በአንድ ሜዳ ላይ ስንት ቋንቋ እንደሚሰማ ሁላችንም እናውቃለን። ድሬዳዋን ባቡር እንዳሳደጋት ሁሉ ባቲንም ገበያዋና ወደ አሰብ የሚወርደው መንገድ አሳድገዋታል። ስለዚህ ሁለቱ ከተሞች የእናት ልጆች ባይሆኑም የአክስት ልጆች ናቸው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ዓሊ አሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆነው በድሬዳዋ ከተቋቋመ አንድ የሙዚቃና የባህል ቡድን ገባ። የቡድኑ ስም አፍረን ቀሎ ይባላል። ትርጉሙም «አራቱ ቀሎ» ማለት ሲሆን፣ አላ፣ ኦቦራ፣ ባቢሌና ዳጋ የተባሉት የምሥራቅ ሐረርጌ ኦሮሞ ጎሳዎች የሚጠሩበት ስም ነው። ቡድኑን በ1950ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. ያቋቋሙት ወጣቶች ዓላማቸው የኦሮምኛን ዘፈን በዘመናዊ መሣሪያ አጅቦ ለሕዝብ ማሰማት ነበር።

ዛሬ ይህ ቀላል ነገር ይመስለናል። በዚያን ዘመን ግን ቀላል አልነበረም። ኦሮምኛ በቁጥር እጅግ ብዙ የሆነ ሕዝብ የሚናገረው ቋንቋ ሆኖ ሳለ በትምህርት ቤት አይሰጥም፤ በፍርድ ቤት አይሠራበትም፤ በጋዜጣም አይጻፍበትም ነበር። ሼኽ በክሪ ሰፓሎ የተባሉት የሃይማኖት ሊቅና ባለቅኔ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1956 ለኦሮምኛ የሚሆን ፊደል ፈልስፈው ማስተማር ቢጀምሩ፣ መንግሥት ሥራቸውን ከለከለ፤ እርሳቸውም በቁጥጥር ሥር እንዲኖሩ ተደረገ። ኋላም ተሰደው በሶማሊያ ምድር በ1980 አረፉ። የፊደሉ በር እንዲህ በተዘጋበት ጊዜ ወጣቶቹ በዜማው በር ለመግባት ሞከሩ።

ዓሊ በቡድኑ ውስጥ ዑድ መምታት ተማረ። ዑድ የሚባለው ሆዱ እንደ ቅል የጎበጠ፣ አንገቱ አጭር የሆነ፣ ከዓረብ አገር በቀይ ባሕር ተሻግሮ ወደ ሐረርና ወደ ድሬዳዋ የገባ ባለ ክር መሣሪያ ነው። የእኛ ክራር አሰማሙ ቀጥ ያለና ጥርት ያለ ሲሆን የዑድ ድምፅ ግን ወፈር ያለና የሚያስተክዝ ነው። ዓሊም ከሕዝብ ፊት ቀርቦ ካዜማቸው ዘፈኖች የመጀመሪያው «ቢራዻ በሪኤ» ይባል ነበር። ዘፈኑ ከሕዝብ አፍ ስላልጠፋ፣ ወጣቱን ሰዎች በአባቱ ስም መጥራታቸውን ትተው በዘፈኑ «ዓሊ ቢራ» ይሉት ጀመር። በዚያው ቡድን ውስጥ ዓሊ ሸቦ የሚባል ሌላ ስመ ጥር ድምፃዊም ስለ ነበረ ሁለቱን ዓሊዎች ለመለየትም ሳይጠቅም አልቀረም።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። በኦሮምኛ «ቢራ» ማለት ክረምቱ አልፎ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ምድሩ በአበባ የሚሸፈንበት ወራት ነው። በአማርኛም ደመናው ተገፎ ፀሐይ ስትወጣ «ብራ ሆነ» እንላለን። ይኸንን ባስተዋልኩ ጊዜ በጣም ገረመኝ። ሁለት ቋንቋዎች ብዙ ዘመን ጎን ለጎን ሲኖሩ፣ እንደ ጎረቤታሞች እሳት ብቻ ሳይሆን ቃልም ይዋዋሳሉ ማለት ነው። እኔ በቤቴ በአንደኛው፣ በመንገድ በሁለተኛው ስናገር የኖርኩ ልጅ ሳለሁ፣ ሁለቱ በዚህች አንዲት ቃል መጨባበጣቸውን ሳላውቅ አደግሁ።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። የአፍረን ቀሎ ዝና ከድሬዳዋ አልፎ በሐረርጌ ገጠር ሁሉ ተሰማ። በሠርግና በበዓል እየተጠራ ይዘፍን ነበር። ነገር ግን ዝናው ባደገ ቁጥር የባለ ሥልጣኖች ጥርጣሬም አደገ። በመጨረሻም ቡድኑ እንዳይሠራ ተከለከለ፤ ከአባሎቹም የታሰሩና የተሰደዱ ነበሩ። ዓሊም ገና በወጣትነቱ የትውልድ ከተማውን ትቶ ወደ አዲስ አበባ ሄደ።

በአዲስ አበባ የገጠመው ዕድል ያልተጠበቀ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. በክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ተቀጠረ። የክብር ዘበኛ የንጉሠ ነገሥቱ ጠባቂ ጦር ሲሆን፣ የሙዚቃ ክፍሉ እነ ጥላሁን ገሠሠ፣ እነ ብዙነሽ በቀለና እነ ማሕሙድ አሕመድ ስማቸውን ያስጠሩበት ትልቅ ትምህርት ቤት ነበር። እንግዲህ በድሬዳዋ በኦሮምኛ መዝፈኑ ያስከሰሰው ልጅ፣ በዋና ከተማው የወታደር ልብስ ለብሶ፣ በሳክስፎንና በትሮምፔት ታጅቦ ዘፈነ ማለት ነው። የሰው ልጅ ሕይወት እንዴት እንደሚገለባበጥ ከዚህ መማር ይቻላል። እርሱም በዚያ ስፍራ የዘመናዊ ኦርኬስትራ አሠራር ተማረ፤ ዑዱንና ጊታሩንም ሳይተው አብሮ ያዘ። በኋላ ዘመን የሠራቸው ዘፈኖች የሐረርጌ ዜማና የአዲስ አበባ የነፋስ መሣሪያዎች አንድ ላይ የሚሰሙባቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ያን ጊዜ ዘፈን ለሕዝብ የሚዳረሰው በሸክላ ነበር። ሸክላ የማሳተም ሥራ ለረጅም ጊዜ በመንግሥት ፈቃድ ብቻ ተይዞ ቆይቶ፣ አምሐ እሸቴ የተባለ ወጣት በፈረንጅ አቆጣጠር በ1969 በራሱ ድፍረት የግል ሸክላ ማሳተም ከጀመረ በኋላ በሩ ተከፈተ። ዓሊ ቢራም በ1971 የመጀመሪያ አልበሙን አወጣ። ይህ አልበም በኦሮምኛ ሙዚቃ ታሪክ የመጀመሪያው ሆኖ ይቆጠራል። ቋንቋው በትምህርት ቤት ሳይገባ፣ ጋዜጣም ሳይኖረው፣ በሸክላ ላይ ታተመ። «በሪሳ» የተባለው የኦሮምኛ ጋዜጣ የወጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም. ነው። ዛሬ የሚጻፍበት የቁቤ ፊደል በሥራ ላይ የዋለው ደግሞ በ1984 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ዘፈኑ ጋዜጣውን በአራት ዓመት ያህል፣ ፊደሉን በሃያ ዓመት ቀደማቸው ማለት ነው።

ታዲያ የሐረርጌው ልጅ ዘፈን ወሎ ውስጥ ለምትኖር ለአያቴ እንዴት ደረሰ? እርሷ እንደ ነገረችኝ፣ በወጣትነቷ በአሰብ መንገድ ዳር ትንሽ ሻይ ቤት ነበራት። ያን ጊዜ የአሰብ ወደብ የእኛ ስለ ነበረ፣ የጭነት መኪናዎች ሌትና ቀን በባቲ ያልፉ ነበር። ሸክላው ቀርቶ ካሴት ከመጣ በኋላ ሹፌሮች በመኪናቸው ውስጥ ካሴት ያሰሙ ጀመር። አንድ ቀን ማለዳ አንድ ሹፌር መኪናውን ከሻይ ቤቱ ፊት አቁሞ ሲወርድ ቴፑን ሳያጠፋው ቀረ። አያቴም ከማሽን ውስጥ በገዛ ቋንቋዋ የሚዘፍን ሰው ሰማች። የሐረርጌ ኦሮምኛ ከወሎው ጥቂት ስለሚለይ አንዳንድ ቃል ቢያመልጣትም፣ ዋናው ነገር ግን ገባት። «ማንቆርቆሪያውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ፤ ሻዩ ከብርጭቆው አልፎ ፈሰሰ» አለችኝ። ሹፌሩንም «ይህ የማን ልጅ ነው?» ብላ ጠየቀችው። ሹፌሩም ስሙን ነገራት። «ለዚያ ሻይ ገንዘብ አልተቀበልኩትም» ብላ ሳቀች።

አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። እስከዚያች ቀን ድረስ ራዲዮ የሚናገረው፣ ወረቀት የሚጻፈው፣ ዳኛ የሚፈርደው እርሷ በማትችለው ቋንቋ ብቻ ነው ብላ ታምን ነበር። አማርኛን የተማረችው ሻይ እየሸጠች፣ ከደንበኞቿ አፍ ነው። እንግዲህ አንድ ዘፈን ለአንድ ሰው ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከዚህ ይታያል። አዲስ ነገር አላስተማራትም፤ ቀድሞ የነበራት ነገር ዋጋ ያለው መሆኑን ነገራት እንጂ።

ዓሊ ቢራ በዘፈኖቹ ውስጥ ያነሣቸው ነገሮች ብዙ ናቸው። ስለ ፍቅር፣ ስለ ናፍቆት፣ ስለ አገር፣ ስለ ሰው ልጅ ተስፋ አዚሟል። ለእኛ ለተማሪዎች በተለይ ሊጠቀስ የሚገባው «ባርኖታ» የተባለው ሥራው ነው፤ ትርጉሙም «ትምህርት» ማለት ነው። የዘፈነውም በኦሮምኛ ብቻ አልነበረም። በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማልኛና በዓረብኛም ዘፍኗል። የራሱን ቋንቋ መውደዱ የሌላውን እንዲጠላ አላደረገውም። እንዲያውም የገዛ ቤቱን የሚያከብር ሰው የጎረቤቱንም በር በአክብሮት እንደሚያንኳኳ እርሱ ጥሩ ምሳሌ ነው።

በ1970ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. በደርግ ዘመን ዓሊ አገሩን ለቆ ወጣ። በስዊድን፣ በአሜሪካና በካናዳ ብዙ ዓመት ኖረ። በስደት ላይ ሆኖም ዘፈኑን አልተወም፤ በየአገሩ የተበተኑ ኢትዮጵያውያን በተሰበሰቡበት ሁሉ እየተጠራ ያዜም ነበር። በዚያ የሚያደምጡት ሰዎች ልጆቻቸው በባዕድ ቋንቋ የሚያድጉባቸው ወላጆች ነበሩ። ለእነርሱ የዓሊ ዜማ መዝናኛ ብቻ አልነበረም፤ ልጆቻቸው የአያቶቻቸውን ድምፅ የሚሰሙበት ክፍል ነበር።

ይህ ነገር በእኛ አገር ሰዎች ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። በአሜሪካ ቴክሳስ የተባለው ግዛት ቀድሞ የሜክሲኮ ነበር፤ ወደ አሜሪካ የተጠቃለለው በ1845 ነው። በዚያ የሚኖሩ የሜክሲኮ ዘር ያላቸው ሰዎች ቴሃኖ የሚባል የራሳቸው የአካባቢ ሙዚቃ አላቸው። የሚዘፈነው በእስፓንኛ ሲሆን፣ ከጀርመንና ከቼክ አገር ሰፋሪዎች የተወረሰው አኮርዲዮን ትልቅ ቦታ ይዞበታል። በዚህ ሙዚቃ ከታወቁት አንዷ ሴሌና ኪንታኒያ ናት። በ1971 በቴክሳስ ተወለደች። ያደገችው በእንግሊዝኛ ስለ ነበረ፣ የእስፓንኛ ዘፈኖቿን በመጀመሪያ ያጠናችው ትርጉሙን በሚገባ ሳታውቅ፣ አባቷ ቃሉን እያስጠናት ነው። ኋላ ግን በ1994 ግራሚ የተባለውን ታላቅ ሽልማት ለመቀበል በቃች። በ1995 በሃያ ሦስት ዓመቷ በሰው እጅ በጥይት ተገደለች። ከሞተች በኋላ የወጣው አልበሟ በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆኖ ገባ።

እነዚህን ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ሳስባቸው አንድ ልዩነትና አንድ አንድነት አያለሁ። ዓሊ ቋንቋውን ከእናት ከአባቱ አግኝቶ ለአደባባይ ለማብቃት ታገለ። ሴሌና ግን ከእጇ ሊወጣ የቀረበውን የአያቶቿን ቋንቋ በዘፈን አማካይነት መልሳ ያዘችው። አንድነታቸው ግን ሁለቱም የሠፈራቸውን ዜማ ይዘው ወደ ሰፊው ዓለም መውጣታቸው ነው። ዓለምም የተቀበላቸው ሌላውን ስለ መሰሉ ሳይሆን ራሳቸውን ስለ መሰሉ ነው።

ዓሊ ቢራ በሕይወት ሳለ ክብርን ለማየት ታድሏል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2010 የክብር ዶክትሬት ሰጠው። በፈረንሳይ አገር የሚታተመው የታወቀው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ስብስብ በ2013 ሃያ ስምንተኛውን ቁጥር ለእርሱ የቀድሞ ሥራዎች ሰጠ፤ በዚህም ከሃምሳ ዓመት ያህል በፊት በድሬዳዋ የተጀመረው ዜማ በአውሮፓ ሱቆች ውስጥ ተሸጠ። በኋለኛ ዕድሜውም ወደ አገሩ ተመልሶ ኖረ። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. በሰባ አምስት ዓመቱ ገደማ በአዳማ ከተማ ሕክምና ሲደረግለት ቆይቶ ዐረፈ። ሥርዓተ ቀብሩም በትውልድ ከተማው በድሬዳዋ ተፈጸመ። አያቴ ቡናዋን ያሳረረችው በዚያን ሰሞን ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ራሴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ይህ ባይኖር ይኸንን ጽሑፍ ባልጻፍኩም ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አያቴን ዓይኗን ለማስመርመር ወደ ደሴ ይዣት ሄጄ ነበር። ሚኒባሱ ሞልቶ ነበር፤ ከፊታችንም በእኔ ዕድሜ ያሉ የከተማ ልጆች ተቀምጠው ነበር። አያቴ እንደ ልማዷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ለዙሁር ሶላት እንደርሳለን ወይ?» ብላ በኦሮምኛ ጠየቀችኝ። እኔ ልጆቹ ዘወር ብለው ሲያዩን አፈርኩ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ በአማርኛ፣ ያውም በሹክሹክታ «እንደርሳለን» አልኳት። እርሷም ነገሩ ገባት። ኮምቦልቻ እስክንደርስ ድረስ ሌላ ቃል አልተናገረችም። ልጆቹ አልሳቁብንም ነበር፤ ምናልባትም ያዩን ስለ ምንም ነገር ብለው አልነበረም። ያሳፈረኝ ሌላ ሰው አልነበረም፤ እኔው ራሴ ነበርኩ።

የዓሊ ቢራን ታሪክ ባጠናሁ ቁጥር ያ የሚኒባስ መንገድ ትዝ ይለኛል። አንድ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ቢከለከልም፣ ባልንጀሮቹም ቢታሰሩ ያልጣለውን ነገር፣ እኔ ማንም ሳይከለክለኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ከመስኮት ውጭ ልጥለው ነበር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ተረት እኔን ለመሰለ ሰው የተነገረ ነው። የሩቅ አገር ዘፋኞችን ዘፈን ትርጉሙን ሳላውቅ በቃሌ እወጣ ነበር፤ አያቴ በሠርግ ላይ የምታዜመውን ግን አንዱን እንኳ እስከ መጨረሻው አላውቅም ነበር።

ሌላም ያጠናሁት ነገር አለ። የሙዚቃ መምህራን የአገራችንን ዋና ዋና ቅኝቶች አራት ናቸው ይላሉ፤ እነርሱም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። ቅኝት ማለት ዜማ የሚመሠረትበት የድምፆች አሰላለፍ ነው። እያንዳንዱ ቅኝት አምስት ድምፆች አሉት። ክራር የሚመታ ሰው ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው ለመሸጋገር ሲፈልግ የክራሩን ጅማቶች አንዳንዱን ጠበቅ፣ አንዳንዱን ላላ አድርጎ እንደገና ይቃኛል። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ማለትም ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው። በመላው ኢትዮጵያ፣ በውጭ አገርም ባሉ የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ስለ አገራችን ዜማ የሚማር ሰው ሁሉ የከተማችንን ስም ሳይጠራ አያልፍም። እኛ ግን «ባቲ» ሲባል የሰኞ ገበያውን እንጂ ቅኝቱን የምናስብ ስንቶቻችን ነን? በክፍሌ ውስጥ ጠይቄ ነበር። አብዛኞቹ በከተማችን ስም የሚጠራ ቅኝት መኖሩን ሰምተዋል፤ የሚለየው ግን አንድ ልጅ ብቻ ነበር፤ እርሱም አጎቱ ክራር ስለሚመታ ነው።

ስለዚህ ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ሁላችንም ባይሆን ብዙዎቻችን በኪሳችን ድምፅ የሚቀዳ ስልክ አለን። እነ አፍረን ቀሎ ያን የመሰለ መሣሪያ ቢያገኙ ምን ባደረጉ! እኛ በዕረፍት ጊዜያችን እያንዳንዳችን አንድ የሠርግ ዘፈን፣ አንድ መንዙማ፣ ወይም አንድ የእረኛ ዜማ ከአንድ ሽማግሌ ወይም ከአንዲት አሮጊት ዘንድ ብንቀዳ፣ ቃሉንም በደብተር ብንጽፍ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ትልቅ ሀብት ይሰበሰባል። በኦሮምኛ፣ በአማርኛ ወይም በአፋርኛ ቢሆን ልዩነት የለውም። ባለቤቱ ሳይጮኽ ጎረቤት አይደርስለትም። የኛን ዜማ እኛ ካልያዝነው ሌላው መጥቶ ይይዝልናል ብሎ መጠበቅ ስንፍና ነው።

ወላጆቻችንንም አንድ ነገር እለምናለሁ። አንዳንድ አባቶች ልጃቸው ስለ ዘፈን ሲያነሣ ትምህርቱን የጣለ ይመስላቸዋል፤ የእኔም አባት መጀመሪያ እንዲህ መስሎት ነበር። ይኸንን ጽሑፍ ለመጻፍ ግን ታሪክ፣ ጂኦግራፊና የዘመን አቆጣጠር ማንበብ ነበረብኝ፤ ከሁሉም በላይ ከአያቴ ጋር ብዙ ምሽት ቁጭ ብዬ መነጋገር ነበረብኝ። ይህ ትምህርት ካልሆነ ትምህርት ምንድር ነው? አባቴም በመጨረሻ አንድ የቆየ ካሴት ከሣጥን ውስጥ አውጥቶ «ማጫወቻው ተሰብሯል እንጂ ይኸው አለ» ብሎ ሰጠኝ። ካሴቱ የማን እንደ ሆነ አንባብያን ሳትገምቱት አትቀሩም።

በዚህ ዓመት በመጋቢት ወር አያቴን ለዓይኗ ሕክምና እንደገና ወደ ደሴ ወሰድኳት። ሚኒባሱ እንደ ቀድሞው ሞልቶ ነበር። አያቴ በዚህ ጊዜ ምንም አልጠየቀችኝም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በሰው ፊት ስትሆን አማርኛ ነው የምትናገረኝ። ስለዚህ እኔ ጀመርኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ በኦሮምኛ «አያቴ፣ ለዙሁር ሶላት እንደርሳለን» አልኳት። መጀመሪያ ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያም እንደ ልማዷ ጮኽ ብላ መልስ ሰጠችኝ፤ ኮምቦልቻ እስክንደርስም አላቋረጠችም። ከኋላችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌም በዚያው ቋንቋ ጨዋታውን ገቡበት።

ዓሊ ቢራ ዛሬ በሕይወት የለም። በስሙ ያለችው ብራ ግን በየዓመቱ ክረምቱ ሲያልፍ ትመጣለች። እኛም ወጣቶች ከቤታችን የተቀበልነውን ሳንንቅ፣ ከጎረቤታችን የምናገኘውን ሳንጠላ፣ ሁለቱንም ይዘን ለአገራችን የምንጠቅም ሰዎች እንድንሆን እመኛለሁ።